ከማውንቴን ወደ ኮርሳ፦ በከተማው ዳር ለምትነዱ

ኮርሳ፣ ማለትም ቀጭን ጎማ ያለውን የአስፋልት ብስክሌት፣ የገዛሁት ለዓመታት ማውንቴን የሚባለውን ባለ ወፍራም ጎማ የተራራ ብስክሌት ስነዳ ቆይቼ ነው። ቤቴ አዲስ አበባ ዳር፣ ለገጣፎ ነው። ከግቢዬ በር እስከ ዋናው መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ ከዚያ የሰንዳፋ አስፋልት ይቀበለኛል። ማውንቴኔ ጠንካራ ነበር፤ ግን አስፋልት ላይ ወፍራሙ ጎማ እየጮኸ፣ የፊቱ ሞላ በረገጥኩ ቁጥር ጉልበቴን እየበላ፣ ሰንዳፋ ደርሶ መመለስ ጠዋቴን ሙሉ ይጨርሰው ነበር። ያንኑ መንገድ በኮርሳ የሄድኩበት ቀን ደስታዬን ለማን ልንገር ብዬ ተጨነቅኩ። እናንተም ያን ቀን እንድታዩት እፈልጋለሁ። በመጀመሪያው ወር የሠራሁትን ስህተት ግን አትድገሙት።

ሦስተኛ ጉዞዬ ላይ ለገዳዲ አካባቢ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። በማውንቴን ብሆን ልብም አልለው። ኮርሳው ግን የጉድጓዱን ጠርዝ ሲመታ ካላማዳሪያው በአስፋልቱና በቸርኬው መሃል ተቆንጥጦ ሁለት ቦታ ጎን ለጎን ተበሳ፣ እባብ የነደፈው ይመስል። መለዋወጫ አልያዝኩም። ጎሚስታ ፈልጌ አገኘሁ፤ እሱም ደግ ሰው ነው፣ በጥንቃቄ ለጠፈልኝ። ሊነፋው ሲል ግን የኮምፕረሰሩ አፍ ከእኔ ቀጭን ቫልቭ ጋር አልገጥም አለ። እስከ ቤቴ እየገፋሁ ተመለስኩ።

እየገፋሁ ሳለ የገባኝ ይህ ነው፦ ማውንቴን መንገዱን ይሸከምላችኋል፣ ኮርሳ አይሸከምም። ጉድጓዱን የሚያየው ዓይናችሁ ነው። የሚያለዝበው ክንዳችሁና ጉልበታችሁ ነው። የቀረውን የሚችለው ጎማው ውስጥ ያለው አየር ብቻ ነው። ስለዚህ ግዢውም አነዳዱም ከራሳችን መንገድ መነሳት አለበት። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን እኔም እንደ ብዙ ሰው በኩራት ተከታትዬዋለሁ፤ እሱ የተወዳደረበትን ዓይነት ብስክሌት ግን ለገጣፎ ኮብልስቶን ላይ ይዞ መውጣት ሌላ ነገር ነው።

ስትገዙ

ሻጩ ስለ ክብደት፣ ስለ ካርቦን ፍሬም፣ ስለ ስሙ ያወራችኋል። ስሙት፤ እናንተ ግን በመጀመሪያ ሁለት ነገር ጠይቁ። ምን ያህል ወፍራም ጎማ ይገባበታል? በጣም ቀላሉ ማርሽስ ስንት ነው?

ጎማው ጎን ላይ 700 በ23፣ 700 በ25፣ 700 በ28 የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ቁጥር ውፍረቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 2.1 ኢንች የሆነ የማውንቴን ጎማ 53 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ልዩነቱን እዩት። አሮጌ ኮርሳዎች ብዙ ጊዜ በ23 ነው የሚመጡት። በእኛ መንገድ ከ28 በታች አትውረዱ፣ 32 የሚያስገባ ካገኛችሁ ደግሞ ትንሽ ገንዘብ ጨምራችሁም ቢሆን ውሰዱት። ለማወቅ ቀላል ነው፦ በጎማውና በፍሬሙ መሃል፣ ከዚያም በጎማውና በፍሬኑ መሃል እርሳስ አሳልፉ። እርሳስ የማያሳልፍ ከሆነ አሁን ካለው ጎማ ብዙም የወፈረ አይቀበልም። ቸርኬውን ቆንጥጦ በሚይዝ ፍሬን የተሠሩት አሮጌዎቹ ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ዲስክ ፍሬን ያላቸው አዳዲሶቹ አብዛኛውን ጊዜ ሰፋ ያለ ቦታ አላቸው።

ከመግዛታችሁ በፊት የምትሞክሩት አንድ ነገር ልንገራችሁ። የ29 ኢንች ማውንቴን ቸርኬና የኮርሳ ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር አንድ ነው፣ 622 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ ማውንቴናችሁ 29 ከሆነ፣ 40 ወይም 45 ሚሊ የሆነ ለስላሳ ጎማ አድርጋችሁበት አንድ ወር ንዱት፤ ቸርኬው በጣም ሰፊ አለመሆኑን ብቻ ቀድማችሁ አረጋግጡ። የአስፋልት ፍቅር እውነት ይዟችሁ እንደሆነ ያኔ ታውቃላችሁ። ከቤታችሁ እስከ አስፋልቱ ረጅም ጥርጊያ መንገድ ያለባችሁ ደግሞ ኮርሳውን ትታችሁ ግራቭል የሚባለውን ብስክሌት ብታዩ ይሻላል። መሪው እንደ ኮርሳ የታጠፈ ነው፣ ጎማው ግን 40 ሚሊና ከዚያ በላይ ይይዛል።

አሁን ወደ ማርሹ። ይህን ነገር ማንም አልነገረኝም፣ ዋጋውን የከፈለው ጉልበቴ ነው። የፊቱን ጥርስ ብዛት ለኋላው ጥርስ አካፍሉና በጎማው ዙሪያ አባዙት። የኮርሳ ጎማ ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ነው። ፊት 34፣ ኋላ 28 ከሆነ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.55 ሜትር ትሄዳላችሁ። ኋላው 34 ቢሆን 2.1 ሜትር ይሆናል። አሮጌ የውድድር ኮርሳ ፊት 39፣ ኋላ 25 ሲሆን 3.3 ሜትር ገደማ ነው። ፊት 32፣ ኋላ 50 የሆነ አዲስ ማውንቴን ግን 1.5 ሜትር አይሞላም። እግራችሁ የለመደው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ይህ ቁጥር ዳገት ላይ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። በደቂቃ 70 ጊዜ ብትረግጡ በ34 ለ28 ፍጥነታችሁ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ መሆን አለበት። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚያሻግረውን ዳገት በዚያ ፍጥነት የማትወጡ ከሆነ አረጋገጣችሁ እየቀዘቀዘ፣ ጉልበታችሁ እየታመመ ይሄዳል። እዚህ አየሩም ስስ ነው። ከተማው ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ስለዚህ ፊት 50 እና 34፣ ኋላ ደግሞ ትልቁ ጥርስ 32 ወይም 34 የሆነ ፈልጉ። ያገኛችሁት ብስክሌት 28 ላይ የሚያበቃ ከሆነ የኋላውን ጥርስ መቀየር ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ሠሪውን ጠይቁ፣ ምክንያቱም የኋላው ማርሽ ቀያሪ ክንዱ አጭር ከሆነ ትልቁን ጥርስ አይችለውም።

ያገለገለ ስትገዙ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ ኢንች ያለበትን። ካቴናው ላይ ከአንድ ፒን መሃል ተነሱና ቀጣዩን አንድ ብላችሁ እስከ 24ኛው ፒን ለኩ። አዲስ ከሆነ ልክ 12 ኢንች ነው። ፒኑ ከ12 ኢንች አንድ ሚሊ ተኩል ያህል ካለፈ ካቴናው ይቀየር። ሦስት ሚሊ ካለፈ ግን የኋላውን ጥርስም ሳይበላው አልቀረም፣ ስለዚህ የሁለቱንም ዋጋ አስባችሁ ተደራደሩ። ፍሬኑ ቸርኬ የሚይዝ ከሆነ የቸርኬውን ጎን በጥፍራችሁ ዳስሱ፤ እንደ ሰሃን ከጎደጎደ አልቋል። ከመሪው ሥር ያለውን የፍሬም መጋጠሚያና ፔዳሉ የሚዞርበትን አካባቢ በጨርቅ ጠርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ካርቦን ከሆነና ታሪኩን የማታውቁት ከሆነ እኔ አልገዛም። ውስጡ የተጎዳ ካርቦን ከላይ ደህና ሊመስል ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሙኒየም ይበቃል። የባለቤትነት ወረቀቱን ደግሞ ጠይቁ፣ የተሰረቀ ብስክሌት መግዛት የሌላውን ነጂ ልብ መስበር ነው።

መጠኑ የማውንቴን በኢንች፣ የኮርሳ በሴንቲ ሜትር ነው። አንዱን ወደ ሌላው በሒሳብ ለመቀየር አትልፉ። ቁመቱ 1.70 አካባቢ የሆነ ሰው በአብዛኞቹ አምራቾች 52 ወይም 54 ላይ ይወድቃል፤ የየአምራቹን ሰንጠረዥ ግን እዩ። በሁለት መጠን መሃል ከዋለላችሁ ትንሹን ውሰዱ። ትንሽ ፍሬም የመሪውን አንገት በመቀየር ይረዝማል፣ ትልቁን ማሳጠር ግን አስቸጋሪ ነው።

ወንበሩና እጃችሁ

ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ፔዳሉን ወደ ታች አውርዱ። እግራችሁ ልክ የሚዘረጋበት ቁመት የወንበሩ ቁመት ነው፤ በጣታችሁ መርገጫ በኩል ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፋል። ማውንቴን ላይ ወንበር ዝቅ አድርጋችሁ የለመዳችሁ መጀመሪያ ከፍታው ያስፈራችኋል፣ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። መሪውን ግን አታውርዱ። ከሥሩ ያሉትን ቀለበቶች እንዳሉ ተዉአቸው፤ ጀርባችሁ ሲላመድ፣ ከወራት በኋላ፣ አንድ በአንድ ታወጧቸዋላችሁ።

የማውንቴን ፔዳላችሁን ነቅላችሁ ኮርሳው ላይ ግጠሙት። የሚታሰርበት የብሎን ጥርስ አንድ ዓይነት ነው። የግራው ፔዳል በተቃራኒ እንደሚፈታ ግን አትርሱ። የኮርሳ ጫማ ታኮው ወፍራም ፕላስቲክ ነው፣ ኮብልስቶን ላይ መራመድ ይከብዳል፤ ለእኛ ሰፈር የማውንቴን ጫማ ይሻላል።

መሪው ላይ እጅ የሚቀመጥበት ሦስት ቦታ አለ። ቀጥ ያለው ላይ፣ ፍሬኑ የተሰካበት ጉብታ ላይ፣ ከታች የታጠፈው ላይ። አብዛኛውን ጊዜ ጉብታው ላይ ሁኑ፣ ክርናችሁን አጥፋችሁ። ቁልቁለት ላይ ከታች ያዙ፤ ፍሬኑ ከዚያ በጣም ይጠነክራል፣ እጃችሁም በጉድጓድ አይነጠቅም። ብዙ ጀማሪ ቁልቁለት ላይ ከላይ ይይዛል፣ ምክንያቱም ዝቅ ማለት ያስፈራል፤ በተግባር ግን ከታች መያዝ ነው ደህንነቱ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ከዚያ ትንሽ ቁልቁለት ላይ ተለማመዱት።

ማርሽ መቀየሪያው ከፍሬኑ ጋር አንድ ላይ ነው። ሺማኖ የሚባለው አምራች በሚሠራው መቀየሪያ የፍሬኑ እጀታ ራሱ ወደ ውስጥ ሲገፋ ይቀይራል፣ ከኋላው ያለችው ትንሿ ምላስ ደግሞ በተቃራኒው ትቀይራለች። ቀኝ እጅ ላይ ትልቁ እጀታ ያቀልላችኋል፣ ትንሿ ታከብዳለች። ግራ እጅ ላይ ትልቁ እጀታ ወደ ከባዱ የፊት ጥርስ ያወጣል፣ ትንሿ ወደ ቀላሉ ትጥላለች። ፊት አንድ ጥርስ ብቻ ካለው ማውንቴን ለመጣ ሰው የሚያደናግረው ይህ ግራው ነው። ዳገቱ እግራችሁን ከያዘው በኋላ አትቀይሩ፤ ከመድረሱ በፊት፣ ፔዳሉን ለአንድ ዙር ቀለል አድርጋችሁ ቀይሩ። ያለበለዚያ ካቴናው ይወድቃል፣ ዳገት መሃል ቆማችሁ እጃችሁን በግራሶ ትቀባላችሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት የትኛው እጅ የፊቱን ፍሬን እንደሚይዝ ፈትሹ፣ ከብስክሌት ብስክሌት ይለያያል። ጥርጊያ መንገድ ላይ የፊት ፍሬን መፍራት ትክክል ነበር። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን የሚያቆማችሁ በአብዛኛው እሱ ነው። ሰውነታችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ቀስ በቀስ ጨምቁት፣ ኩርባው ከመድረሱ በፊትም ጨርሱ።

አየር

የኮርሳ ጎማ በየሳምንቱ አየር ይፈልጋል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ከዚያ እንዳያልፍ የሚል ወሰን ነው፤ እስከዚያ ንፉ ማለት አይደለም። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 28 ጎማ ላይ ፊት 65፣ ኋላ 75 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ጀምሩ። 32 ከሆነ ከ50 እስከ 60። 25 ከሆነ ከ80 በላይ ያስፈልጋል፣ ያኔ ኮብልስቶኑ ጥርሳችሁን ያንቀጫቅጨዋል። ከዚያ በኋላ በአምስት በአምስት እየጨመራችሁ እየቀነሳችሁ ለራሳችሁ አግኙት። ጉድጓድ ስትመቱ ቸርኬው አስፋልቱን ሲነካ ከተሰማችሁ አንሷል። እጃችሁ ከደነዘዘና ብስክሌቱ ከነጠረ በዝቷል።

አብዛኛው የኮርሳ ካላማዳሪያ ፕሬስታ የሚባል ቀጭን ቫልቭ አለው። ጫፏን በጣት ፈታ ታደርጉና ነው የምትነፉት። ጎሚስታ ቤት ያለው ኮምፕረሰር በመኪና ቫልቭ ነው፣ ስለዚህ ትንሿን የነሐስ አስማሚ ገዝታችሁ ከወንበሩ ሥር ባለው ቦርሳ ሁሌም ያዙ። እኔ ያን ቀን ይቺ ብትኖረኝ ኖሮ ነድቼ ነበር የምመለሰው። በኮምፕረሰር ስታስነፉ ግን እየቆረጡ በትንሽ በትንሹ ይንፉ፣ ጎማው ጠባብ ስለሆነ በቅጽበት ሞልቶ ሊፈነዳ ይችላል። የመኪና ቫልቭ ያለው ካላማዳሪያ ለቀጭኑ ቫልቭ በተበሳ ቸርኬ አይገባም፤ ስለዚህ ትክክለኛውን ሁለት ገዝታችሁ አስቀምጡ፣ አንዱ ቤት አንዱ ቦርሳ ውስጥ። ጎማ መፈልቀቂያ፣ መለጠፊያና ትንሽ የእጅ መንፊያም ጨምሩበት። ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ ጊዜ ጎማውን አውጥታችሁ መልሱት። መንገድ ላይ ሕፃናት ከብበዋችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሞከር ይሻላል።

መንገዱ ላይ

የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች እሁድ ጎህ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ አድርጓቸው። መኪናው ገና አልበዛም፣ ሯጮቹ ግን ወጥተዋል፣ ሰላም ይሏችኋል። ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ ያለው መንገድ ለጀማሪ ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ዳገቱ ለስላሳ ነው። የሱሉልታውን ዳገት ለሁለተኛው ወር አቆዩት። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ለብስክሌት አይፈቀድም። አሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ደግሞ ከባድ መኪና ስለሚበዛበት ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክረውም።

በጣም እንድትጠነቀቁ የምፈልገው የአስፋልቱን ጠርዝ ነው። በከተማው ዳር ብዙ ቦታ አስፋልቱ ሲያልቅ ወደ አፈሩ እንደ ደረጃ ይወርዳል። በማውንቴን ወርዳችሁ በቀላሉ ትመለሳላችሁ። በኮርሳ ግን ወርዳችሁ በጎን ልትመለሱ ስትሞክሩ ቀጭኑ ጎማ ጠርዙን ተደግፎ ይንሸራተትና ወደ መኪናው በኩል ይጥላችኋል። ስለዚህ ከጠርዙ ግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ገባ ብላችሁ ንዱ። ከወረዳችሁ ደግሞ ቁሙ፣ ብስክሌቱን አንሱና መልሱት። ከኋላ ሲኖትራክ ሲመጣ ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋችኋል፣ ሲያልፍ ይስባችኋል፤ ክርናችሁን አላልታችሁ መሪውን ብቻ ያዙ።

ውሃ ያቆረ ነገር ውስጥ አትግቡ፣ በቃ። ሥሩን አታዩትም። ከመንገዱ ጋር ትይዩ የሆነ የፍሳሽ ብረት ፍርግርግ ካያችሁ አስቀድማችሁ ራቁ፣ ጎማው ይገባበታል። ታክሲ ረዳቱ ወደ ውጭ ካየ ሊቆም ነው። በግ ከተሻገረ በኋላ ተመልሶ ይመጣል፣ ስለዚህ መንጋ ስታዩ ፍጥነታችሁን አውርዱና እረኛውን አናግሩት። የተጫነ አህያ ደግሞ የጭነቱን ስፋት አያውቅም፣ ሰፊ ቦታ ስጡት።

ከማውንቴን ይዛችሁ የምትመጡት ጥሩ ነገር ብዙ ነው። ራቅ አድርጎ ማየት፣ ክርን ማላላት፣ ጉድጓድ ላይ ከወንበር ብድግ ማለት፣ የፊት ጎማውን ቀለል ማድረግ፤ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው በኮርሳ የጀመረ ሰው በዓመትም አያገኘውም። እንዲያውም ማምለጥ የማትችሉት ጉድጓድ ከመጣ ፍሬኑን ልቀቁት፣ ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አድርጋችሁ ተነሱ፣ ብስክሌቱ ከሥራችሁ ይለፍ። ፍሬን ይዞ ጉድጓድ መግባት ነው ቸርኬ የሚያጣምመው።

ውሃ ሁለት ኮዳ ያዙ። በአንዱ በሶ በጥብጡበት፣ ማርና ትንሽ ጨው ጨምራችሁ። ከምግብ ሁሉ ለረጅም ጉዞ የተመቸኝ እሱ ነው። ሙዝም ጥሩ ነው። ቆሎ ግን ስትቆሙ እንጂ እያለከለካችሁ አትብሉ፣ ትንታ ነው። እስኪርባችሁ አትጠብቁ፣ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ውሰዱ። ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርዱ ላባችሁ ይቀዘቅዛል፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ። ከኪስ የምትገባ ስስ ንፋስ መከላከያ ጃኬት አናት ላይ ቆማችሁ ልበሱ። ሄልሜትና የኋላ መብራት ሳትይዙ ከበር አትውጡ፣ ቀንም ቢሆን።

ስትመለሱ ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። የሞተር ዘይት አትቀቡት፣ አቧራውን ሰብስቦ ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የብስክሌት ዘይት ካጣችሁ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉና ፔዳሉን አሽከርክራችሁ የተረፈውን ጥረጉ። ቶሎ ይደርቃል፣ ስለዚህ ደጋግሙት።

ማውንቴኑን ደግሞ አትሽጡት። ሰኔ ሲገባ ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ያለው ኮብልስቶን በጭቃ ይሸፈናል፣ የሰንዳፋ መንገድ ጉድጓዶችም ይሞላሉ። ያኔ ኮርሳዬን አጥቤ፣ ጎማውን አየር ሞልቼ ግድግዳው ላይ እሰቅለዋለሁ። እስከ መስቀል የምወጣው በአሮጌው ማውንቴን ነው።